ስለ ጀንዳ ጉባኤና ስለ ስጦታ ዋጋ

ለሰው በጎ ነገር መስጠት መልካም መሆኑን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ሰጪው በስጦታው ላይ በስውር ዋጋ ቢጠይቅበት፣ ያ ነገር ስጦታ መሆኑ ይቀራል ወይስ አይቀርም? ተቀባዩስ ዋጋውን ከፍሎ ከተቀበለ በኋላ ለሰጪው ያለበት ዕዳ ምንድር ነው? የሚሰጠው ነገር እህል ወይም ልብስ ሲሆን ጥያቄው ቀላል ይመስላል። የሚሰጠው ነገር ትምህርት፣ የሚጠየቀውም ዋጋ የሰው እምነት ሲሆን ግን ነገሩ ወደ ነፍስ ይገባል። እኔ ከ35 ዓመት በላይ በመምህርነት አገልግዬ በጡረታ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። ፊደልን ከካህን፣ ቀለሙንም ከሚሲዮን ትምህርት ቤት አግኝቻለሁ። ስለዚህ ይህ ጥያቄ ለእኔ የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፣ ከመፍረዴ በፊት አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፤ ኋላም በራሴ ላይ የደረሰውን እጨምራለሁ።

ጐንደር ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው የፋሲልን ግንብ፣ አርባ አራቱን ታቦታትና የደብረ ብርሃን ሥላሴን ሥዕል ነው። ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ከከተማው በታች፣ ወደ ጣና ሐይቅ በሚያዘነብለው በደምቢያ አገር፣ ጀንዳ በምትባል ስፍራ፣ ከ160 ዓመት በፊት የተጀመረ አንድ ትንሽ ጉባኤ ነበረ። ይህ ጉባኤ ግንብ አላቆመም፤ ነጋሪትም አልተጎሰመለትም። ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው በአማርኛ የታተመ መጽሐፍ ያነቡበት፣ ልጆቻቸውንም ፊደል ያስቆጥሩበት ነበር። ትልቁን ነገር የሚያይ ብዙ ስለ ሆነ፣ እኛ ዛሬ ትንሹን እንመልከት። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንዲህ ያለ ትንሽ ጉባኤ በሌላም አገር ታይቷል። በእንግሊዝ ገጠር የሚዘዋወር መንገደኛ በብዙ መንደር ውስጥ ሁለት ዓይነት የጸሎት ቤት ያያል። አንደኛው ከፍ ያለ ማማና ደወል ያለው፣ ከመንግሥቱ ጋር የቆመው ቤተ ክርስቲያን ነው። ሁለተኛው ከመንደሩ መኖሪያ ቤቶች ብዙ የማይለይ፣ ጌጥ የሌለው ትንሽ ቤት ነው፤ ይህም ባፕቲስት የሚባሉት ክርስቲያኖች የሚጸልዩበት ነው። እነርሱም ሰው መጠመቅ የሚገባው አድጎ በገዛ አፉ ካመነ በኋላ ነው ይላሉ። በእንግሊዝ ምድር የመጀመሪያው ጉባኤያቸው የቆመው በ1612 በለንደን አጠገብ ሲሆን፣ መሪው ቶማስ ሄልዊስ ይባል ነበር። ይህ ሰው፣ ንጉሥ የሥጋ ገዥ እንጂ የነፍስ ገዥ አይደለም ብሎ መጽሐፍ ጻፈ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው፣ ያን ነፃነት ለራሱ ወገን ብቻ አለመጠየቁ ነው። ለአይሁድም፣ ለእስላምም፣ በእምነታቸው ተሳስተዋል ለሚባሉትም ሁሉ ጠየቀ። ስለዚህም ታሰረ፤ በ1616 ገደማም ሞተ። ተከታዮቹም በ1689 በወጣው ሕግ በይፋ እንዲሰበሰቡ እስኪፈቀድላቸው ድረስ ብዙ መከራ አይተዋል። ይህን የሄልዊስን አሳብ በልባችሁ ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁና።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በ1830 ሳሙኤል ጎባት የሚባል የስዊስ ተወላጅ ሚሲዮናዊ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ እስከ ጐንደር ደረሰ። ይዞት የመጣውም በአማርኛ የታተመ ወንጌል ነበር። ይህን ትርጉም የሠራው ግን ፈረንጅ አልነበረም። አቡ ሩሚ የሚባል የጎጃም ሰው በካይሮ ከተማ ተቀምጦ ብዙ ዓመት ደክሞበት የተረጎመው ነው። ወንጌሉ በ1824፣ መላው መጽሐፍ ቅዱስም በ1840 በአማርኛ ታተመ። ሊቃውንቶቻችን ቅዱሳት መጻሕፍትን በግእዝ ጠብቀው፣ በአንድምታም በአማርኛ ሲተረጉሙ ኖረዋል፤ ይህንንም ውለታቸውን መርሳት አይገባም። ነገር ግን ትርጓሜውን ለመስማት በመምህሩ እግር ሥር ብዙ ዓመት መቀመጥ ያስፈልግ ነበር። አሁን እረኛውም ሸማኔውም ፊደል ከቆጠረ መጽሐፉን በገዛ ቋንቋው ያነበው ዘንድ ተቻለ። ይህ እውነተኛ ስጦታ ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይችልም።

በ1856 ደግሞ በስዊስ አገር በባዝል ከተማ አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት የተላኩ የእጅ ሥራ አዋቂዎች መጡ። አሳባቸው በእጃቸው እየሠሩ፣ በኑሯቸውም እያስተማሩ ለመኖር ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስም ወደዷቸው፤ ነገር ግን የወደዷቸው ለስብከታቸው ሳይሆን ለእጃቸው ጥበብ ነበር። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አስቀምጠው መድፍ እንዲሠሩ አዘዟቸው። እነዚያ ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡ ሰዎች ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቁን መድፍ አፈሰሱ፤ እርሱም በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ደረሰ። አንባቢዬ ይህን ልብ ይበል። ዋጋ የሚጠየቀው ተቀባይ ብቻ አይደለም። ሰጪውም በሰው አገር ለመኖር ሲል ያላሰበውን ዋጋ ይከፍላል፤ የሰላም ወንጌል ይዞ መጥቶም የጦር መሣሪያ ሠርቶ ይገኛል።

በ1860 ሄንሪ ስተርን የሚባል በጀርመን አገር ከአይሁድ ወላጆች የተወለደና ክርስቲያን የሆነ ሰው፣ ከለንደን ማኅበር ተልኮ ጐንደር ገባ። የመጣበትም ጉዳይ በአገራችን የሚኖሩትን ቤተ እስራኤል ለማስተማር ነው። «ፈላሻ» የሚለው ስም እነርሱ የማይወዱት የንቀት ስም ስለ ሆነ እኔ ቤተ እስራኤል እላቸዋለሁ። ዐፄ ቴዎድሮስና ጳጳሱ አቡነ ሰላማ ለስተርን ፈቃድ ሰጡት፤ ነገር ግን ፈቃዱ ከውል ጋር ነበር። ይኸውም ያመነው ሰው ሁሉ የሚጠመቀው በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ነው እንጂ ሌላ ቤተ ክርስቲያን አይቆምም የሚል ነው። አቡነ ሰላማ ራሳቸው በልጅነታቸው በካይሮ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማሩ ነበሩ። ስለዚህ የእንግዶቹን አሳብ ከሌላው ሰው ይልቅ ያውቁት ነበር።

እንግዲህ የእንግሊዙን ትንሽ ቤትና የጀንዳን ጉባኤ ብናስተያይ ልዩነቱ በዚህ ይታወቃል። የእንግሊዙ ከትልቁ ቤተ ክርስቲያን ተለይቶ ለብቻው ቆመ። የጀንዳው ግን በትልቁ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ገብቶ እየተጠመቀ፣ እየቆረበ፣ ለንባቡና ለትምህርቱ ግን ለብቻው ይሰበሰብ ነበር። አንዳንድ ሰው ይህን ድካም ይለዋል። እኔ ግን ንጉሡ ያሰቡትን አሳብ ፈጽሞ ክፉ ነው አልልም። አገር በብዙ ወገን ተከፋፍሎ የደከመበትን የመሳፍንት ዘመን ያዩ ሰው ሌላ መከፋፈል ቢፈሩ አይፈረድባቸውም። ሆኖም በዚህ ውል ውስጥ አንድ ሰው ተረስቶ ነበር። ንጉሡ ተጠየቁ፤ ጳጳሱ ተጠየቁ፤ እንግዳውም ተስማማ። ሸማኔው ግን አልተጠየቀም።

ያ ሸማኔ ማን ነበር? ቤተ እስራኤል በደምቢያና በወገራ፣ በሰሜንም ተራሮች ይኖሩ የነበሩ፣ ኦሪትን በግእዝ የሚያነቡ፣ ሰንበትን በቅዳሜ የሚያከብሩ ሕዝብ ናቸው። ማረሻውን የሚቀጠቅጡ፣ ሸክላውን የሚሠሩ፣ ጋቢውን የሚሸምኑ እነርሱ ነበሩ። አገሩ ሁሉ በሠሩት ማረሻ እያረሰ፣ በሠሩት ድስት እየበላ፣ እነርሱን ግን ቡዳ ናቸው እያለ ይሸሻቸው ነበር። ብዙዎቹም ርስት አልነበራቸውም። በ1862 አባ ማሐሪ የሚባሉ መነኩሴ የተስፋይቱ ምድር መግቢያ ጊዜ ደርሷል ብለው ሲነሡ፣ ብዙ ሕዝብ ተከትሏቸው ወደ ቀይ ባሕር አቅጣጫ ወጣ። ብዙዎቹም በትግራይ ምድር በረኃብና በበሽታ አለቁ። ሰው ቤቱን ጥሎ በእግሩ ባሕር ለመሻገር የሚነሣው ልቡ እጅግ ሲጨነቅ ነው።

በዚህ ጭንቅ ውስጥ ላለ ሕዝብ መጽሐፍና ትምህርት ቤት መጣለት። የተቀበለውም ሰው ዋጋውን ከፈለ። ዘመዶቹ ከእርሱ ጋር አንበላም አሉት፤ ልቅሶውም ሠርጉም ከወገኑ ተለየ። በሌላ በኩል ጎረቤቱ ክርስቲያን ቢጠመቅም አላመነውም። «ማርያም ወደድ» የሚል ስም አውጥቶ በልዩ ስም ለየው፤ ልጁንም ሊያጋባው አልወደደም። እንዲህ ሆኖ ከሁለቱ ቤት በር ውጭ ቀረ። እነዚህ ሰዎች ያን ጊዜ የሚጽናኑበት ቤት ቢኖር ያ በጀንዳ የነበረው ትንሽ ጉባኤ ብቻ ነበር።

ጉባኤውም ብዙ ሳይቆይ ተፈተነ። ስተርን በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ የንጉሡን ትውልድ የሚነካ ነገር ስለ ተገኘ በ1863 ተገረፈና ታሰረ፤ ከአሽከሮቹም ሁለቱ በድብደባው ሞቱ። የእነዚያ የሁለቱ አሽከሮች ነገር ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። መጽሐፉን የጻፈው ጌታቸው ነው፤ እነርሱ ግን ምናልባት አንዱን መስመር እንኳ አላነበቡትም። በሚያዝያ 1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ፣ ዐፄ ቴዎድሮስም ሲሞቱ፣ እስረኞቹ ወጡ፤ ፈረንጆቹም ከጦሩ ጋር አገሩን ለቀው ሄዱ። ከዚያ በኋላ በነገሡት በዐፄ ዮሐንስ ዘመንም የውጭ አገር ሰባኪ በዚያ እንዲቀመጥ አልተፈቀደም።

እንግዲህ ሰጪዎቹ በሄዱ ጊዜ ጉባኤው መፍረስ ይገባው ነበር። ነገር ግን አልፈረሰም። ሚካኤል አረጋዊ የሚባል፣ በልጅነቱ በሚሲዮናዊው በማርቲን ፍላድ ቤት ያደገና በቅዱስ ክሪሾና የተማረ የአገር ልጅ ኃላፊነቱን ተቀብሎ ለብዙ ዓመታት መራው። ፍላድ ከጀርመን አገር ሆኖ ርዳታና ደብዳቤ ይልክ ነበር፤ መንገዱ ግን ሩቅ፣ ዘመኑም ክፉ ነበር። በ1888 ደርቡሾች መጥተው ደምቢያን ዘረፉ፤ የጐንደርን አብያተ ክርስቲያናትም አቃጠሉ። ወዲያውም ክፉ ቀን የሚባለው ረኃብ መጣ፤ ከብቱ በበሽታ አለቀ፤ ገበሬው በሬ አጥቶ እርሻው ጦም አደረ። ያ ረኃብ ክርስቲያኑን፣ እስላሙን፣ ቤተ እስራኤሉን፣ «ማርያም ወደዱንም» ሳይለይ ፈጀ። ሰው ለይቶ የሰጠውን ስም መከራ አያውቀውም።

አሁን ወደ ጥያቄው እንግባ። በዘመናቸውም በእኛም ዘመን ስለ እነዚህ ሰዎች «ለዳቦ ብለው ሃይማኖታቸውን ሸጡ» የሚል ፍርድ ሲነገር ሰምቻለሁ። እኔ ይህን ፍርድ አልቀበልም፤ ምክንያቱንም በሁለት ክፍል አስረዳለሁ።

በመጀመሪያ፣ የሰውን ልብ የሚያይ ሰው የለም። አንድ ሰው መጽሐፉን ወዶ መጣ ወይስ እንጀራውን ወዶ መጣ ብለን ብንጠይቅ፣ ምናልባት እርሱ ራሱ ለይቶ አያውቀውም። በ1868 ብዙ ጥቅም ሳይኖር፣ ጠባቂ ሳይኖር የቀሩትን ሰዎች ግን ዳቦ ያዛቸው ማለት ያስቸግራል። ዋጋ ከፋዩ ሲሄድ የሚቀር ፍቅር እውነተኛ ፍቅር ነው። ለዳቦ የመጣ ሰው ቢኖርም እንኳ፣ የተራበውን ሰው ከመንቀፍ በፊት ያስራበውን መጠየቅ ይገባል። ርስት የነፈገውና ቡዳ ብሎ የሸሸው ጎረቤት፣ ያ ሰው ከሌላ እጅ ሲቀበል «ተሸጠ» ብሎ የመፍረድ መብት ከየት አገኘ?

ሁለተኛውም ይህ ነው። ጥፋቱ ሁሉ የተቀባዩ ተደርጎ ሲቆጠር፣ ዋጋውን የተመኑት ሰዎች ከነገሩ ያመልጣሉ። እንግዳው ለመጽሐፉ ዋጋ ተመነ፤ ንጉሡ ለፈቃዳቸው ዋጋ ተመኑ፤ ዘመዶቹም ለዘመድነታቸው ዋጋ ተመኑ። ሁሉም «እንደ እኔ ብትሆን ነው እንጂ» አሉት። ድኃው ሸማኔ ግን በሦስት ቀራጮች መካከል ያለፈ ነጋዴ መሰለ፤ ከኬላው ሁሉ አልፎ ሲጨርስ ከጭነቱ ምን ተረፈው?

ይህን የማወራው በሌላ ሰው ላይ ለመፍረድ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ አሁን የራሴን ልናገር። በሰሜን ደጋ ተወልጄ፣ አባቴ በልጅነቴ ስለ ሞተ ያሳደገችኝ አያቴ ናት። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስገባ፣ «ልጄ፣ የሚያስተምሩህን ሁሉ ተማር፤ ማዕተብህን ግን ከአንገትህ አታውልቅ» አለችኝ። በዚያ ትምህርት ቤት ማንም ማዕተብህን ፍታ ብሎ አላስገደደኝም፤ ይህን መመስከር አለብኝ። ብርድ ልብስና ደብተር ሰጡኝ፤ ሒሳብና እንግሊዝኛ አስተማሩኝ። ነገር ግን ማዕተቡን የፈታው ልጅ የበለጠ ፈገግታ እንደሚያገኝ ልጅ ሁሉ ያውቅ ነበር። ስለዚህ በአሥራ አንድ ዓመቴ ፈታሁት። ወደ ቤት ስሄድ በመንገድ ላይ ከኪሴ አውጥቼ እንደገና አስረው ነበር፤ ስመለስም እፈታው ነበር። አያቴ ሳታውቅ ሞተች፤ ወይም አውቃ ዝም ብላ ይሆናል። እኔ በዚያ መንገድ ላይ ከሁሉ በፊት የተማርኩት ወንጌልን አይደለም፤ ሁለት ፊት መያዝን ነው። ዋጋ ያለበት ስጦታ ተቀባዩን መጀመሪያ የሚያስተምረው ውሸትን እንደ ሆነ በራሴ አንገት ላይ አየሁት።

ይህን ያየሁ ሰው ከዚያ በኋላ እንዴት ተሳሳትኩ? ነገር ግን ተሳሳትኩ። በ1982 በአንዲት የደጋ ከተማ በመንግሥት ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ከገጠር ድርቆሽ ተሸክመው የሚመጡ፣ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ማታ የሚያነቡበት መብራት አልነበራቸውም። እኔ ፋኖስ ነበረኝ፤ በሣጥንም ያጠራቀምኳቸው መጻሕፍት ነበሩኝ። ስለዚህ ማታ ማታ ቤቴን ከፈትኩላቸው። ዘመኑ የደርግ ዘመን ነበርና እንደ እኔ ያለ አማኝ በይፋ ተሰብስቦ አይጸልይም፤ እሑድ እሑድ በሩን ዘግተን ከጥቂት ልጆች ጋር መጽሐፍ ቅዱስ እናነብ ነበር። እኔም ሳላስበው አንድ ልማድ አወጣሁ። በፋኖሱ ማንም ያነባል፤ መጽሐፍ ተውሶ ወደ ቤቱ የሚወስደው ግን እሑድ የሚመጣው ነው።

ከልጆቹ አንዱ የቤተ እስራኤል ሸማኔ ልጅ ነበር፤ ዕድሜው አሥራ ሦስት ቢሆን ነው። የጂኦግራፊ መጽሐፍ እጅግ ይወድ ነበር። ልማዱን ሳያውቅ አንዱን ተውሶኝ ሄደ። በማግሥቱ መጥቶ ከበሩ ላይ ቆመና፣ «ጋሼ፣ አባቴ ዋጋው ስንት እንደ ሆነ ጠይቅ ብሎኛል» አለኝ።

«ምን ዋጋ አለው? በነፃ ነው እንጂ» አልኩት።

«እሑድ ያልመጣ ልጅም ይዋሳል?» አለ።

«እርሱማ እሑድ ለሚመጡት ነው» አልኩት።

ትልቅ ሰው ቢሆን «እንግዲያው ዋጋ አለው» ይለኝ ነበር። ልጅ ስለ ነበር ግን ምንም አላለኝም። በሦስተኛው ቀን መጽሐፉን አባቱ በሸመነው ነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ መለሰልኝ፤ ከዚያም ወዲያ ወደ ፋኖሱ አልመጣም። እኔም ተቆጣሁ እንጂ አላፈርኩም፤ «የአባቱ እልኸኝነት ነው» አልኩ። ለራሴ እምነት በር ዘግቼ እየተሸሸግኩ፣ ነፃነት በማጣቴም በመንግሥት ላይ በልቤ እያጉረመረምኩ፣ ከእኔ የሚያንሰውን ልጅ በዚያው ሚዛን መመዘኔን አላየሁትም። የሄልዊስን አሳብ ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ያ ሰው ለራሱ የሻውን ነፃነት እርሱን ለማይመስለው ሁሉ ጠየቀ። እኔ ግን ለራሴ ስጠይቅ ለሸማኔው ልጅ ነፈግሁት።

በ1984 ብዙ የቤተ እስራኤል ቤተ ሰቦች ሌሊት እየተነሡ በእግራቸው ወደ ሱዳን ሄዱ። የዚያ ልጅ ቤትም አንድ ቀን ጠዋት ባዶ ሆኖ ተገኘ። በመንገዱና በሱዳን መጠለያዎች በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በረኃብና በበሽታ ሞተዋል፤ የደረሱትም እስራኤል አገር ገብተዋል። እርሱ ከየትኞቹ እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ያን ያህል በረሃ በእግሩ የሄደ ልጅ፣ እኔ የነፈግሁት መጽሐፍ ስለ አገሮችና ስለ መንገዶች የሚናገር መሆኑን ሳስብ እንቅልፍ የማጣበት ሌሊት አለ። መጽሐፉ ከነጨርቁ በእጄ አለ።

የዚህ ዋጋ ነገር በአንድ ትውልድ አያልቅም። በግንቦት 1991፣ በሁለት ቀን ውስጥ ከ14000 በላይ ቤተ እስራኤል ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። አያቶቻቸው ተጠምቀው የነበሩት፣ ፈላሽ ሙራ የሚባሉት ግን ያን ጊዜ ቀሩ። ከዚያ ወዲህ በጐንደርና በአዲስ አበባ እየተቀመጡ ተራ የሚጠብቁ ብዙ ሺህ ሰዎች ሆኑ። ከእነርሱ ብዙዎቹ በየጊዜው ተወስደዋል። በ2015 የእስራኤል መንግሥት የቀሩትን ለመቀበል ቢወስንም፣ ከዚያ በኋላም ወንድም ከወንድም፣ እናት ከልጅ ተለያይተው ለዓመታት ቆይተዋል። ከ100 ዓመት በፊት አንድ ቅድመ አያት በደምቢያ የፈጸመው ነገር በልጅ ልጁ ልጅ ላይ ሲመዘን አይተናል። ያ ሰው በዚያ ቀን ለምን እንደ ተጠመቀ የሚያውቅ የለም፤ ሒሳቡ ግን እስከ አራተኛ ትውልድ ተከፈለ። ስለዚህ በስጦታ ላይ ዋጋ የሚተምን ሰው፣ ዋጋውን የሚከፍለው ፊቱ የቆመው ሰው ብቻ እንዳይመስለው።

ታዲያ ምን እናድርግ? እምነት ያለው ሰው እምነቱን አይናገር ማለቴ ነውን? አይደለም። እኔም የማምነውን እስከ ዛሬ አልደበቅሁም። መናገር አንድ ነገር ነው፤ መብራቱን ለሚሰማ ብቻ ማብራት ግን ሌላ ነገር ነው። ይህንንም ለመለየት የሚረዳ አንድ ጥያቄ አለ። በጎ ነገር ስትሰጥ በልብህ «እምቢ ቢለኝስ ይህን እሰጠው ነበር?» ብለህ ጠይቅ። መልሱ «አዎን» ከሆነ ሰጪ ነህ። መልሱ «አይደለም» ከሆነ ነጋዴ ነህ። ነጋዴ መሆን ነውር አይደለም፤ ነጋዴ ሆኖ ሰጪ መባል ግን ነውር ነው።

የተቀባዩስ ዕዳ? ፊደል ላስቆጠሩኝ፣ ብርድ ልብስ ላለበሱኝ ሰዎች ምስጋና አለብኝ፤ ስለ ማዕተቡ ብዬ ውለታቸውን አልክድም። በጎውንም ክፉውንም ከአንድ እጅ ተቀብያለሁና ሁለቱንም መመስከር አለብኝ። ነገር ግን የተማርኩበት ዋጋ እኔ ለማስተምረው ልጅ የሚተላለፍ ሕግ አይደለም። ዋጋ ከፍሎ የተቀበለ ሰው ዕዳውን በትክክል የሚከፍለው፣ እርሱ የተቀበለውን ለሌላው ያለ ዋጋ ሲሰጥ ነው። በዚህ ላይ ታምራት አማኑኤልን አስባለሁ። እርሳቸው በ1888 ከተጠመቀ የቤተ እስራኤል ቤተ ሰብ ተወልደው በአሥመራ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማሩ ናቸው። ኋላም ወደ አባቶቻቸው እምነት ተመልሰው በአዲስ አበባ የቤተ እስራኤል ልጆችን አስተማሩ። ከአንድ ወገን የተቀበሉትን ዕውቀት ለሌላ ወገን አበረከቱት፤ ዕውቀቱም በዚህ አልጎደለም።

እኔም ያ ልጅ ከሄደ በኋላ፣ ዘግይቼም ቢሆን፣ ልማዴን ለወጥሁ። የእሑዱን ንባብ ከቤቴ አውጥቼ ወደ ወዳጄ ቤት ወሰድሁት፤ የመጻሕፍቱንም ሣጥን ቁልፍ ጣልሁት። ከዚያ ወዲህ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በፋኖሴ፣ ኋላም በኤሌክትሪኩ መብራት ያነበቡ ልጆች የካህን ልጆች፣ የሼህ ልጆች፣ የሸማኔና የአንጥረኛ ልጆች ነበሩ። ከመጻሕፍቱ ጥቂቶቹ ጠፍተውብኛል። ለጠፋው መጽሐፍ ግን አላዝንም፤ የማዝነው ለተመለሰልኝ ነው።

ወጣቶች ሆይ፣ «አገር የጋራ ነው፤ ሃይማኖት የግል ነው» ሲባል ሰምታችሁ አድጋችኋል። ይህ ቃል የሚፈተነው በአደባባይ ሳይሆን በእናንተ እጅ ያለውን ነገር ሌላ ሰው በፈለገው ጊዜ ነው። ነገ ከእናንተ አንዱ መምህር፣ አንዱ ሐኪም፣ አንዱ የቀበሌ ጸሐፊ፣ አንዱም ባለጠጋ ትሆናላችሁ። እያንዳንዳችሁ አንድ ፋኖስ ትይዛላችሁ። በበራችሁም ላይ አንድ ልጅ ቆሞ ዋጋው ስንት እንደ ሆነ ይጠይቃችኋል። ያን ጊዜ «በነፃ ነው» የሚለው ቃል በአፋችሁ እውነት ይሁን።